ዛሬ ማታ በዙሪያው መንገድ

ክቡር ኃላፊያችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ለጡረታ ሽኝቴ ይህን ሁሉ ወንበር ከየክፍሉ ለተሸከማችሁልኝ፣ ኬኩንም ሻማ ሳታበዙበት ላመጣችሁልኝ እጃችሁ ይባረክ። ብዙ አላወራም። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፤ ልቤማ ቀድሞኝ ሄዷል።

እንደሰማችሁት ታላቅ እኅቴ፣ እሷ ባለችበት አገር ሰዓት፣ ነገ ጠዋት የልብ ቀዶ ጥገና አላት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ትናንት ደውላ፣ «ከመግባቴ በፊት ፊትሽን ልየው» አለችኝ። «እሺ እትዬ፣ እደርሳለሁ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል?

እዚህ ቤት ዕድሜዬን ሙሉ የበረራ መንገድ ሳወጣ ኖርኩ። እሷ ያለችበት ከተማ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም እነግራችኋለሁ። አሥራ አራት ሰዓት በአየር ላይ። ነፋሱ ፊት ለፊት ከመጣ አሥራ አምስት። ለሰው ስናገረው እንዴት ይቀለኝ ነበር! «አንድ ፊልም አይተው፣ ትንሽ ሸለብ አድርገው ይደርሳሉ» እል ነበር። ዛሬ ያቺን አንድ ሰዓት ደቂቃ በደቂቃ እየቆጠርኳት ነው።

«እማማ ነፋስ» ያላችሁኝ ያለ ነገር አይደለም። ገና ከበሩ ሳልገባ «ነፋሱ እንዴት አደረ?» ስለምል ነው። ዛሬማ የጽዳት ሠራተኛችንን ሳይቀር ጠየቅኳት። «እኔ ምን አውቄ፣ መስኮቱን ልክፈተውና እዩት» አለችኝ።

የክፍላችንን ደንብ ታውቃላችሁ፤ ማንም የራሱን ወይም የዘመዱን የበረራ መንገድ አያወጣም። ፍርሃት እጅ ይይዛል፣ ፍቅርም ያስቸኩላል። ስለዚህ የዛሬ ማታውን የሚያወጣው እኔው ያስተማርኩት «ችኩሉ» ነው። አትሳቁበት! ጠዋት ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ መንገዱ መሃል ወጀብ አለ። ዞረን ካለፍን እንዘገያለን። ዳር ዳሩን ታክኬ ባወጣው ግን አንድ ሰዓት እናተርፋለን። ለእርስዎ ስል ላድርገው?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወዲያው እምቢ አላልኩም። እትዬ በአልጋ ስትገፋ፣ ዞር እያለች በሩን ስታይ ታየችኝ። «ቆይ ላስብበት» ብዬው ወጣሁ። እስካሁንም አልመለስኩለትም።

ልጄ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ፊት ልመልስልህ፤ ብቻችንን ብንሆን ሌላ ነገር ሊያመልጠኝ ይችላል። ዙርበት። እዚያ አውሮፕላን ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠብቀው አለው። ብዘገይም ማንም በአንተ እንዳያሳብብ፤ ዙርበት ያልኩህ እኔ ነኝ። ፈርቻለሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ግን ዙርበት።

በሉ ልጆቼ፣ የምትልኩት አውሮፕላን ሁሉ በደህና ይረፍ። የናፈቃችሁትን በጤና አግኙት። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ ጡረታችሁም ከእኔው የተረጋጋ ይሁን። እኔን ደግሞ በጸሎታችሁ አስቡኝ። ከመግባቷ በፊት ባልደርስ እንኳ፣ እትዬ እንድትነቃልኝ።