የሙሉእመቤት መቃብር

ጽድና ወይራ በሸፈነው አሮጌ የመቃብር ስፍራ፣ ጎብኚዎች ለመስከረሙ የአበባና የታሪክ ጉዞ በር ላይ ሲሰባሰቡ፣ ወይዘሮ ብርቅነሽ ከእህታቸው መቃብር አጠገብ የተተከለውን ሰሌዳ ሊነቅሉ ከጉዞው አዘጋጅ ከመክብብ ጋር ይተናነቃሉ።

ብርቅነሽ፦ እጄን ልቀቅ! ይቺን ሳልነቅል ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

መክብብ፦ ኧረ እትዬ፣ ይረጋጉ! ጉዞውን የሚያዘጋጀው የማኅበራችን ንብረት ነው። ሰው እያየን ነው።

ብርቅነሽ፦ ይየና! ምን ብለህ እንደጻፍክ እስቲ ጮክ ብለህ አንብብልኝ።

መክብብ፦ «ሙሉእመቤት፤ የምትወደው ሰው ቢከዳት መርዝ ጠጥታ የሞተች…»

ብርቅነሽ፦ ማን ነገረህ?

መክብብ፦ የሰፈር ሰው እንዲህ ይላል።

ብርቅነሽ፦ የትኛው የሰፈር ሰው? ስም ጥራ!

መክብብ፦ …ድንጋዩ ላይ ያለው ስሟና ዕድሜዋ ብቻ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ። ጎብኚው ሁሉ «በምን ሞተች?» ይለኛል። አላውቅም ስለው ፊቱን አዙሮ ይሄዳል።

ብርቅነሽ፦ ስለዚህ መርዝ አጠጣሃት።

መክብብ፦ እትዬ!

ብርቅነሽ፦ እህቴ ናት! የእናቴ የበኩር ልጅ! በድርቁ ጊዜ የነርስ ተማሪ ነበረች። ማንም ሳያስገድዳት ወሎ ሄዳ መጠለያ ገባች። የታመመውን ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ተስቦ ያዛት። በእህል ጭነት መኪና ነው ሬሳዋን ያመጡልን።

መክብብ፦ ይህን አላወቅኩም።

ብርቅነሽ፦ መቼ ጠየቅክና! ቤታችን ከዚህ አጥር ማዶ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ነኝ።

መክብብ፦ እሺ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን እርስዎም ይረዱኝ። ይህን ቦታ ለሕንፃ ሊያርሱት ነበር። የሚቆረጡት ዛፎች ላይ ቀይ ቀለም ሁሉ ተቀብቶ ነበር። በሐምሌ ችግኝ እናስተክላለን፣ በኅዳር ወፍ እናሳያለን ብንል ማን መጣልን? ወጣቱ የጎረፈው የእሷን ታሪክ ሲሰማ ነው። እሱ ነው ጮኾ ያስጣለልን። እህትዎ ያረፈችበት አፈርም አብሮ ተረፈ።

ብርቅነሽ፦ ስሟን አዋርደህ አፈሯን አተረፍክላት? ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ታውቃለህ አታውቅም?

መክብብ፦ አውቃለሁ።

ብርቅነሽ፦ እናቴም ታውቃለች። ዘጠና ዓመት ሞልቷታል። የጎረቤታችን ልጅ ከአንተ ጉዞ ስትመለስ ምንም ሳይመስላት አጫወተቻት። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። «ካህናቱን ዋሽታችሁ ነው ወይ ያስቀበራችኋት? ከእኔ የደበቃችሁት ነገር አለ ወይ?» ትለኛለች። ብምል ብገዘት አላምንሽም አለችኝ። እሷን ለማጽናናት የምዋሽ መስሏታል።

መክብብ፦ …ሰሌዳውን አሁኑኑ አነሳዋለሁ። ሁለተኛ ስሟን አናነሳም።

ብርቅነሽ፦ በአደባባይ አዋርደሃት በጓዳ ልትክሳት?

መክብብ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? እንግዶቼ ፊት ቆሜ ውሸታም ነኝ ልበል? ከዚያ ወዲያ ስለሌሎቹ መቃብሮች ብናገር ማን ያምነኛል? ሰው ከቀረ ደግሞ ያ ቀይ ቀለም ተመልሶ ይመጣል።

ብርቅነሽ፦ ይምጣ! ዛፍ ለማዳን ብለህ እናቴን ትገድላለህ? ያቻትና፣ በሩ ላይ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣለች። እኔን እንደሆነ አላመነችኝም። ሂድና አንተው ራስህ «ከልቤ ፈጥሬ ነው ያወራሁት» በላት። ጆሮዋ ከብዷል፣ ካልጮኽክ አትሰማህም።

መክብብ፦ እንግዶቹ እኮ እዚያው ናቸው። ሁሉም ይሰማሉ።

ብርቅነሽ፦ ይስሙ!

መክብብ፦ …እሺ፣ ይምጡ እንሂድ። እናትዎ በየትኛው ጆሯቸው ነው ደህና የሚሰሙት?