ያልተረከብኩት ገመድ

አለቃዬ አቶ ደስታ በሚሊኒየሙ ዓመት ከመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል አባረሩኝ፤ ሁለት ዓይነት የፋይበር ገመድ ደባልቀው ሲገዙ አልረከብም ስላልኩ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ አዲስ ከተማ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ኔትወርኩ ዛሬም ተቋረጠ?»

«ሦስት ስዊች ቀየርኩ እኮ! ጥፋቱ ስዊቾቹን የሚያገናኘው ገመድ ነው። ግማሹ ወፍራም ፋይበር፣ ግማሹ ቀጭን። መልእክቱን የሚሸከመው ብርሃን ወደ ቀጭኑ ሲሻገር ይባክናል።»

«ለአቶ ደስታ ንገራቸዋ!»

«ነገርኳቸው። ‹ወይ አስተካክል፣ ወይ ሥራህን ልቀቅ› አሉኝ።»

«ወይ ጉድ! ራሳቸው አይደሉ የገዙት?»

«የድሮዋ የንብረት ክፍል ሴትዮ ናት አይታ የተረከበችው ይላሉ።»

«እሷን ጠይቃታ!»

«የት አባቷ አገኛታለሁ?»

በማግሥቱ፣ አልረከብም ብዬ የጻፍኩትን ደብዳቤ ቅጂ ይዤ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቴ፣ ኔትወርኩን የሚጠግነው ልጅ ቢሮ ሄድኩ።