እሱማና እሷማ

ሰው ስም ከረሳ ሁሉንም ረሳ ማለት ይመስለኝ ነበር። ገንዳ ውሃ ከተማ ጎረቤቴ የሆኑት አያ መኮንን ዕድሜ ልካቸውን ሰሊጥ ማሳ ላይ ትራክተር የነዱ ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን የነገር ሁሉ ስም ጠፋባቸው። ልጠይቃቸው ሄጄ ማጭድ አንስቼ ባሳያቸው «እሱማ… እሱማ…» ብለው ቀሩ። ደጅ የቆመችውን ትራክተር ስጠቁማቸው ደግሞ «እሷማ… እሷማ…» አሉ። ስም የለ፣ ምን የለ፤ እሱና እሷ ግን አንዴም አልተምታታባቸውም! አፌን ይዤ ቀረሁ። እኔ እንደሆነ አላርፍም፤ ባለቤታቸው ውሃ ይዘው ሲገቡ «እኚህስ ማን ናቸው?» አልኳቸው። አያ መኮንን ወደ እሳቸው ዞሩ። «እሷማ… የኔዋ…»

ክው አልኩ። ምነው ባልጠየቅሁ እያልኩ ሳቀረቅር፣ ባለቤታቸው ውሃውን እያጠጧቸው «ምን ያስደነግጥሃል?» አሉኝ። «የጠፋባቸው ስሜ ነው፤ እኔማ አለሁ።»