ከቅጥሩ እስከ አስፋልቱ

በጊዮርጊስ ንግሥ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፤ በየዓመቱ የምእመናኑን ስለት በድምፅ ማጉያ የሚያነበው የሰበካ ጉባኤ ፀሐፊ አያልነህ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል፤ ታላቅ እህቱ ትርንጎ ራስጌው ቆማለች።

ትርንጎ፦ አልልም አልኩህ! በጊዮርጊስ ዋዜማ፣ ጊዮርጊስ ደጅ ሄጄ ልዋሽልህ? ታሞ ተኝቷል ልበል?

አያልነህ፦ ጉሮሮው ተዘግቷል በያቸው። ሌላ ምንም አትበዪ። ይቺን እንኳ አታደርጊልኝም እታለም?

ትርንጎ፦ ጉሮሮው የተዘጋ ሰው እንዲህ ይጮሃል? እስከ መንገድ ይሰማል እኮ!

አያልነህ፦ እሺ፣ በቀስታ ልናገር። ሂጂልኝ። ነገ ማይኩን ሌላ ሰው ይያዘው።

ትርንጎ፦ ማን ይያዘው? ዲያቆን ምሕረቱ? ባለፈው ንግሥ ለአፍታ ቢተካህ "አንድ ጃንጥላ" ለማለት ሲያስል ሲያስል ባለስለቷ ተስፋ ቆርጣ ቤቷ ገባች። ደሞ አቶ ወንድይራድ "የኔን ስለት አያልነህ ያንብብልኝ" ብሎ በሰው ፊት ነው የጠየቀህ። ሰኔ ላይ የሚመረጥ ሰው! የወረዳው ሹም የሚሆን ሰው! ሌላው ቢሆን በደስታ አይተኛም፤ አንተ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ትከናነባለህ።

አያልነህ፦ ገና አልተመረጠም።

ትርንጎ፦ ይመረጣል። ስለቱ በታቦቱ ፊት ከተነበበ ወዲያማ ማን ይቋቋመዋል?

አያልነህ፦ እኔስ የፈራሁት እሱን አይደል?

ትርንጎ፦ ምኑ ነው የሚያስፈራው? ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው አገኘን ብለን እኛ ስንደሰት አንተ ትፈራለህ! ቤቴን ያፈረሱትን ረሳሃቸው እንዴ? ሕግ በጆንያ ነበራቸው። ደንብ ቁጥር ይህን ያህል፣ መመሪያ ቁጥር ያን ያህል። እኔ ካርታዬን ይዤ እያለቀስኩ ነው ዶዘሩን የነዱት። አንዱ እንኳ ቀና ብሎ ሰማይ አላየም። ሕጉማ ሞልቶ ነበር አያል፤ የጎደላቸው ፍርሃት ነው።

አያልነህ፦ ልክ ነሽ።

ትርንጎ፦ እ?

አያልነህ፦ ልክ ነሽ አልኩ። የጎደላቸው ፍርሃት ነው። ማንም አይጠይቀንም ብለው ነዋ። ወንድይራድስ ባለፈው እሑድ አደባባይ ላይ ምን አለ?

ትርንጎ፦ ሰምቼ አይደል ያለቀስኩት! "እኔ መልስ የምሰጠው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው" አለ። እንዲህ የሚል ሹም በዘመንህ ሰምተህ ታውቃለህ?

አያልነህ፦ ሰምቼ አላውቅም። የከበደኝም ለዚህ ነው። ለእግዚአብሔር ብቻ ከሆነ ለኔና ላንቺስ? ነገ ቢበድልሽ መልስ ልትጠይቂ ሰማይ ልትወጪ ነው?

ትርንጎ፦ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ለምን ይበድለኛል?

አያልነህ፦ የሚፈራ ከሆነማ እሰየው። መፍራቱን ግን በምን አየዋለሁ? ነጠላውን ነው የማየው፤ ልቡን አላይም። በደርግ ጊዜ የነበሩት እኮ "መልስ የምንሰጠው ለሰፊው ሕዝብ ብቻ ነው" ይሉ ነበር። ሰፊው ሕዝብ ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልጋው ላይ አላደረም። አባባን ማን ወሰደው?

ትርንጎ፦ አባባን አታንሳብኝ! እነዚያ ከሃዲ ናቸው። ይሄኛው ቆራቢ ነው።

አያልነህ፦ ሰይጣንም ለተንኮሉ ከመጽሐፍ ይጠቅሳል።

ትርንጎ፦ አፍህን! በዋዜማው ሰውን ሰይጣን ትላለህ?

አያልነህ፦ እሱን ሰይጣን አላልኩም። ሰው ነው አልኩ፤ ችግሩም ይሄው ነው። መልአክ ቢሆን ኖሮ እኔም አልጋዬን ትቼ እከተለው ነበር።

ትርንጎ፦ ታዲያ ከሱ ጋር የሚወዳደረው ያንተው ዘርጋው ይሻላል? ቅስቀሳውን ሰማሁት። "ያለ ፍርድ ቤት ወረቀት ደጃችሁን አላልፍም፣ መሬታችሁን አልነካም፣ በእምነታችሁ አልገባም።" አላልፍም፣ አልነካም፣ አልገባም! ምን ሊያደርግ ነው ታዲያ የሚመረጠው? ነፍሱን ይማረውና ባሌም እንዲሁ ነበር። ምንም አልነካም እንዳለ ሞተ።

አያልነህ፦ አታስቂኝ፣ በሽተኛ ነኝ።

ትርንጎ፦ እውነቴን ነው። ላለመሥራት ደሞዝ የሚጠይቅ ሰው አሁን ገና አየሁ። ደሞ ከሠርጉ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ስሞ አያውቅም። ለፈጣሪው ያልታመነ ለኛ ይታመናል?

አያልነህ፦ እኔ ማንም እንዲታመንልኝ አልፈልግም። ታማኝም ይሁን ሌባ፣ ሹም ከሆነ እጁ የሚደርስበት ልክ ይኑረው ነው የምለው። አጥር ለሌባ ብቻ ነው እንዴ የሚታጠረው? የደግ ጎረቤት ላምም ጎመን ትበላለች እኮ።

ትርንጎ፦ ኤዲያ! ማስተማር ከተውክ ስንት ዘመንህ፣ አሁንም ሰሌዳ ፊት የቆምክ ይመስልሃል። ምረጠው አልተባልክም። ስለቱን አንብብ ነው የተባልከው። ሰኔ ላይ ለብቻህ ገብተህ ዘርጋውን ምረጥ፤ ማን ያይሃል?

አያልነህ፦ ነገሩ እሱ አይደለም እታለም። ስለት ማለት ሰው ካለው ላይ የሚሰጠው ነው። አንቺ ጃንጥላ ተሳልሽ፣ በርበሬ ሸጠሽ ገዛሽ፣ አስገባሽ። እኔም ስምሽን ጠርቼ በደስታ አነበብኩልሽ። እሱ የተሳለው ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ ቅጥሩን ሊያሰፋ ነዋ። "ጊዮርጊስ ወንበሩን ቢሰጠኝ ቅጥሩን አሰፋለታለሁ" አለ። ማን ይጠላል? ለንግሥ ሰዉ ተጨናንቆ ሊሞት አይደል?

አያልነህ፦ በየት በኩል ነው የሚያሰፋው?

ትርንጎ፦ በወንዙ በኩል ነዋ፤ ባዶው ሜዳ።

አያልነህ፦ በአስፋልቱ በኩል ነው።

ትርንጎ፦ ማን አለ?

አያልነህ፦ ራሱ። ትናንት ስብሰባ ላይ ቁጭ ብሎ ነገረን። "ከቅጥሩ እስከ አስፋልቱ ያለው በሙሉ የጊዮርጊስ ይሆናል" አለ።

ትርንጎ፦ እስከ አስፋልቱ? የዘይነባ ሱቅ እዚያ አይደለም እንዴ?

አያልነህ፦ የዘይነባ ሱቅ፣ የሻምበል በዛብህ ቤት፣ የልብስ ሰፊው ቤት። ሁሉም።

ትርንጎ፦ ዘይነባ እኮ… ቤቴ የፈረሰ ቀን "ነይ እህቴ" ብላ በረንዳዋን የሰጠችኝ ሴት ናት። እስካሁን በርበሬዬን የምሸጠው እዚያው ነው። እንግዲህ ምትክ ይሰጣታላ። አይደል? ምትክ ሳይሰጥማ አያስነሳትም።

አያልነህ፦ እኔም ጠየቅሁት። "ባለቤቶቹ እምቢ ብለው ቢከሱስ?" አልኩት። ሳቀብኝ። "ከታቦት ጋር ማን ይካሰሳል?" አለኝ።

ትርንጎ፦ እንዲህ ብሎ ተናገረ?

አያልነህ፦ እንዲህ ብሎ።

ትርንጎ፦ የደብሩ አለቃስ ምን አሉ?

አያልነህ፦ መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ነገ እኔ በማይኩ ሳነብ፣ እናንተ ሴቶቹ እልል ስትሉ፣ ቦታው በዚያው የጊዮርጊስ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ "ቤቴን" የሚል ሰው የሚጣላው ከወንድይራድ ጋር አይደለም። ከታቦቱ ጋር ነው። ከተማው ተነስቶ ይበላዋል። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ይባል ነበር፤ ይሄ ሰውዬ ሁለቱንም ልሁን እያለ ነው።

ትርንጎ፦ አንተ እኮ ለጊዮርጊስ ሌሊቱን ማሕሌት የምትቆም ሰው ነህ። ቅጥሩ ቢሰፋ ደስ አይልህም?

አያልነህ፦ የከፋኝም ስለምወደው ነው! ጊዮርጊስ የማንም ካድሬ አይደለም። የዘይነባን ሱቅ አፍርሱልኝ ብሎ ማንን ላከ?

ትርንጎ፦ ታዲያ እምቢ በላቸዋ! ወንድ አይደለህ? ለምን እንደ አራስ ትተኛለህ?

አያልነህ፦ ልጆቹ ጧት መጥተው ነበር።

ትርንጎ፦ የትኞቹ ልጆች?

አያልነህ፦ የወንድይራድ ጎረምሶች፣ ከኋላው የሚሄዱት። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ በትሕትና ገቡ። ያ ጠረጴዛው ላይ ያለው ማር የእነሱ ነው። "ለጉሮሮዎ ነው መምህር፣ ነገ ድምፅዎ እንዳይጠፋብን" አሉኝ።

ትርንጎ፦ ማር ማምጣት ምን ክፋት አለው?

አያልነህ፦ ትልቁ ልጅ እጄን ሳመ። ስሞ ግን አልለቀኝም። እጄን እንደያዘ፣ ፈገግ እንዳለ፣ "እኛ ከመድረኩ ሥር ነን፣ አይዞዎት" አለኝ። ልስብ ስል ጠበቅ አደረገው። እታለም፣ ፈርቻለሁ። ሌላ ምን ልበልሽ? ፈርቻለሁ።

ትርንጎ፦ እኔ አፈር ልሁንልህ… ማሩን ቀመስከው?

አያልነህ፦ ኧረ አልነካሁትም።

ትርንጎ፦ እንኳን አልነካኸው። ብቻ… የኔን እንኳ አይጨምርም።

አያልነህ፦ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ የፈረሰውን ቦታዬን ነው የምልህ። እዚያው አስፋልቱ ዳር አይደል? የኔን ግን መልሶ ሊሰጠኝ በመስቀል ምሎልኛል። ችካል ሁሉ አስተክሎልኛል እኮ።

አያልነህ፦ የምን ችካል?

ትርንጎ፦ ጫፉ ቀይ የተቀባ። ከትናንት ወዲያ ሳልፍ ቦታዬ መሃል ተተክሎ አየሁት። እየተለካልኝ ነው ብዬ ብቻዬን እልል አልኩ። ጎንበስ ብዬም ሳምኩት።

አያልነህ፦ እንደዚያ ያለ ችካል ሌላም ቦታ አይተሻል?

ትርንጎ፦ ከዘይነባ ሱቅ ጀርባ አለ። ከሻምበልም ደጅ አለ። እነሱማ ለነገው ድንኳን መስለውኝ ነው።

አያልነህ፦ የድንኳን ችካል ቀለም ይቀባል?

ትርንጎ፦ አይቀባም። እንግዲህ የኔም…

አያልነህ፦ አይዞሽ፣ አትደንግጪ። ትናንት ያልነገርኩሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ያንቺን አይነኩትም። ያንቺ ቦታ ቤትሽን ካፈረሱት ጋር ክስ ላይ ነው፤ ፍርድ ቤቱ እግድ ሰጥቶበታል። ከዚያ ሁሉ ቤት የሚያስፈራቸው ያንቺ መዝገብ ብቻ ነው። እንዲያውም ለእነ ዘይነባም ተስፋቸው እሱ ነው። አንቺ ከረታሽ እነሱም መክሰስ ይችላሉ።

ትርንጎ፦ አያል።

አያልነህ፦ ወዬ።

ትርንጎ፦ ክሱን አንስቻለሁ።

አያልነህ፦ ምን አደረግሽ?

ትርንጎ፦ ማክሰኞ ሄጄ ፈረምኩ። "ክስ ላይ ያለ ቦታ ልሰጥዎት አልችልም እትዬ ትርንጎ፣ መጀመሪያ ክሱን ያንሱልኝ። ዳኛ ምን ያደርግልዎታል? እኔ ስመረጥ በገዛ እጄ እመልስልዎታለሁ" አለኝ። መስቀል ይዞ ነው እኮ የማለልኝ! እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው ብዬ…

አያልነህ፦ ወይኔ እህቴ! ወይኔ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እንዴት አንዲት ቃል ሳትነግሪኝ? ያን ሁሉ ዘመን ደጅ የጠናሽበትን!

ትርንጎ፦ አትቆጣኝ። በሞቴ አትቆጣኝ። ብነግርህ "ተዪ" እንደምትለኝ አውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው ያልነገርኩህ።

አያልነህ፦ አንቺን መቆጣት ምን ያደርግልኛል? እንግዲህ የነበረው አጥር ያው ነበር። እሱንም በገዛ እጅሽ አስነቀለሽ።

ትርንጎ፦ አንዱን ቦታ ለሁለት ማለበት። ለኔም፣ ለጊዮርጊስም። ጉድ እኮ ነው! እኔ ነገ ከሴቶቹ ፊት ቆሜ፣ ከበሮው ሲመታ፣ በገዛ ቦታዬ ላይ እልል ልል ነበር። ሳላውቅ!

አያልነህ፦ አትሂጂ። እኔም አልሄድም። ሌሊት ሳይነጋ ወደ እነ አጎቴ አገር እንውጣ።

ትርንጎ፦ አንተ ብትሄድ ምሕረቱ እያሳለ ቢሆንም ያነበዋል። ማንም ምን እንደተሰጠ ሳያውቅ እልልታው ይቀልጣል። እኛ ስንመለስ ዘይነባ የለችም።

አያልነህ፦ ታዲያ ምን ይሁን ትያለሽ?

ትርንጎ፦ አንብበው።

አያልነህ፦ አብደሻል?

ትርንጎ፦ አንብበው አልኩህ። ግን ባዶ ሜዳ አታስመስለው። ቤት ቤቱን፣ ሰው ሰዉን ጥራ። "አቶ ወንድይራድ የዘይነባን ሱቅ፣ የሻምበል በዛብህን ቤት፣ የልብስ ሰፊውን ቤት፣ የእህቴን የትርንጎን ቦታ ተስለዋል" በል። ባለቤት ያለው መሆኑን ሕዝቡ በጆሮው ይስማ።

አያልነህ፦ ልጆቹ ማይኩን ይነጥቁኛል እኮ።

ትርንጎ፦ ስሜ ጋ እስክትደርስ አትልቀቅላቸው። ስሜን ስትጠራ ከሴቶቹ መሃል እነሳለሁ። "ለጊዮርጊስ የምሰጥ ከሆነ ራሴ እሰጣለሁ፤ ሰው በኔ ቦታ አይሳልም" እላለሁ።

አያልነህ፦ ይህን ተናግረሽ በሰላም ቤትሽ የምትገቢ ይመስልሻል?

ትርንጎ፦ የቱ ቤቴ?

አያልነህ፦ እታለም፣ ቀልዱን ተዪው። ሕዝቡ ሰምቶ ዝም ቢል ጥሩ። ስምሽን ሰምቶ፣ አንቺን እያየ፣ እልል ቢልስ?

ትርንጎ፦ እኔን እያዩ እልል ካሉማ ምርጫው ነገውኑ አልቋል። ሰኔን አትጠብቅ።