የአራሚው ሁለተኛ ስክሪን

የመጽሐፌ እርማት የት እንደደረሰ ለመጠየቅ ወደ ማተሚያ ቤቱ ስገባ፣ አዛውንቱን አራሚ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። ወዴት እንደሚሄዱ ብጠይቃቸው፣ ሥራ እንደሚለቁ ለሥራ አስኪያጁ ሊናገሩ እንደሆነ ነገሩኝ። ለአዋላጆች በሚታተመው መጽሐፍ ውስጥ የአንድ መድኃኒት መጠን ተሳስቶ በእጃቸው አልፎ፣ ሊታተም ጥቂት ሲቀረው ሌላ ሰው ደርሶበታል።

«አእምሮዬ ከድቶኛል፤ ሰው ሳላስገድል በጊዜ ልሂድ» አሉኝ።

ክው አልኩ። እኚህ ሰው እኮ የአንዲት ነጠላ ሰረዝ ጉድለት እንቅልፍ የሚነሳቸው ናቸው።

የማተሚያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ የእህታቸው ልጅ ናት። ከኋላችን ስትወጣ ሰምታን ኖሮ፣ ከመሄዳቸው በፊት አሠራራቸውን እንዲያሳዩዋት ለመነቻቸው። እያጉረመረሙ ተመለሱ፤ እኔም ነገር ማየት እወዳለሁና ተከተልኩ።

ጠረጴዛቸው ላይ የድሮው ትልቅ ኮምፒውተር ተነስቶ፣ መጽሐፍ የምታክል ሣጥንና ሁለት ስክሪን ተተክቷል። አንደኛውን ስክሪን ግን ሻርፕ አልብሰውታል። ከመጣ ጀምሮ በርቶ አያውቅምና አቧራ እንዳይጠጣ ብለው ነው። በቀረው ስክሪን የደራሲውን ጽሑፍ ያነቡና፣ ቁጥሩን በቃላቸው ይዘው ለኅትመት የተዘጋጀውን ገጽ ከላዩ ይከፍቱበታል።

«አጎቴ፣ በወረቀት ጊዜ ዋናውን ከማረሚያው ሥር ደብቀው ነበር የሚያነቡት?»

«ምን ነካሽ ልጄ? ጎን ለጎን ነው እንጂ።»

«ታዲያ የከዳዎት አእምሮዎ ነው ወይስ እኛ?»

አዛውንቱ ሻርፑን ከስክሪኑ ላይ ገፈፉት። እሷም ጥፋቱ የእሷ የኮምፒውተር ክፍል መሆኑን አልሸሸገችም። ሥራው ያለው ታች ክፍል ባለው ሰርቨር በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሣጥኗ የምታገለግለው ለማሳየት ብቻ ነው። ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኙ «ሁሉንም ስክሪኖች ተጠቀም» የሚለውን ምርጫ ያሳያቸው ሰው አልነበረም።

«መብራት ቢጠፋስ? ሥራዬ ከዚች ሣጥን ጋር ሊቀር ነው?»

መልስ ሳትሰጥ የሣጥኗን ሶኬት ነቀለችው። አዛውንቱ ደረታቸውን ያዙ። መልሳ ሰካችውና፣ ምርጫውን ራሳቸው እንዲነኩ አድርጋ ከሰርቨሩ ጋር አገናኘቻቸው። ሁለቱም ስክሪኖች በሩ፤ ያቋረጡት መስመር እንዳለ ቆይቷቸዋል። በግራ የደራሲውን ጽሑፍ፣ በቀኝ አዲሱን ገጽ አድርገው ጥቂት እንዳነበቡ፣ «ይኸው፣ እዚህች ጋ ዜሮ ጎድላለች» አሉ። አልዋሽም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ዕቃውን አስቀምጠን፣ አሠራሩን ሳናስተምር፣ የተደናገረውን ሰው «አረጀ» እንላለን። ነውር ነው። በትዕግሥት የሚያሳይ ካለ ግን ዓይን ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ ያያል፤ ሰውም ቁጥር በቃሉ ተሸክሞ አይደክምም። ሣጥኗ ብትበላሽ እንኳ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ካቆመበት ይቀጥላል።

ወሬው የደረሳቸው ሥራ አስኪያጅ በሩን ገፋ አድርገው፣ ሊለቁ ነው የተባለው እውነት እንደሆነ ጠየቁ። አራሚው ቀና አላሉም።

«ለአዋላጆቹ መጽሐፍ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ልጀምረው ነው» አሉ።