ለእንጨት ብቻ

የወንበሬን እግር ላስጠግን ጋሽ ኮላ ዘንድ ጎራ ባልኩበት ጠዋት፣ ነርስ የሆነችው የእህታቸው ልጅም ወደ ሥራዋ ስታልፍ ሰላም ልትላቸው ገባች። ጋሽ ኮላ አናጢ ናቸው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ኮላቸው ላይ ያረፈች ዝንብ እዚያው አርጅታ የልጅ ልጆቿን ስትመርቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው የሚወዛወዝ አልጋ እየሠሩ ነበር። ግን መዶሻው ከእጃቸው ይንሸራተታል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"አጎቴ፣ ጣትዎ ምን ሆነ?"

"ከትናንት ወዲያ ሚስማር ወጋኝ። በሰጋቱራና በኮላ ደፈንኩት። እንጨት እንኳ ይድንበታል።"

"ይንቀጠቀጣሉ እኮ።"

"አያት ልሆን አይደል? ልቤም ከትናንት ጀምሮ እየጨፈረ ነው።"

ነርሷ የእጃቸውን አንጓ ይዛ ሰዓቷን እያየች የልባቸውን ምት ቆጠረች። "ጭፈራ አይደለም፣ ሩጫ ነው። የጀርም መርዝ ደምዎ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም።"

"ሚስማሩ የወጋው ጣቴን፤ ልቤ ምን አገባው?"

"እውነታቸውን ነው" አልኩ እኔ። አላዋቂ ምስክር መቼም አይጠፋም።

ልጅቷ አልተቆጣችም። ከጥግ አንድ የተቦረቦረ ጣውላ አነሳች።

"ነቀዝ የገባበትን ጣውላ በኮላ ደፍነው ይሸጣሉ?"

"ነውር ነው። ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ዱቄት ይሆናል።"

"ጣትዎን እንደዚያ አድርገውታል። ጀርሙ ታሽጎ ተራባ። ክንድዎ ላይ ሽቅብ የሚወጣውን ቀይ መስመር አዩት? መርዙን ደም ይዞት ሲዞር የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ግፊት ይወርዳል። ልብ የጎደለውን ለመሙላት ይሮጣል፤ መርዙ ደግሞ ልብን ራሱን ያደክመዋል።"

"አልጋውን ልጨርስና እሄዳለሁ።"

"አያት ከሌለ ማን ያወዛውዘዋል?"

ጋሽ ኮላ አልጋውን አዩት፣ ጣውላውንም አዩት። መዶሻውን አስቀመጡ። "በይ ውሰጂኝ፣ ልጄ። አንተም ና፣ ምስክር።"

ሐኪም ቤት ቁስሉ ተከፍቶ ታጠበ፤ መድኃኒቱ በደም ሥር ለስድስት ቀን ገባ። ከጣታቸው የወጣው ሰጋቱራ አንድ በርሜል ይሞላ ነበር፤ ግማሽ በርሜል ነው ካላችሁ አልከራከርም። ልባቸው ግን በእርግጥ ረጋ።

ዛሬ የእንጨት ሥራ ቤታቸው በር ላይ ሳሙናና ውኃ አለ። የተወጋ ሁሉ ይታጠባል፣ የቴታነስ ክትባቱን ይጠይቃል፤ ቁስሉ ከቀላና ካበጠ ወይም ልቡ ከሮጠ ሥራውን ጥሎ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ጣቱን በኮላ ደፍኖ አያውቅም።

ባለፈው እዚያው ሳለሁ ያ ወንበሬ ጣቴን በስንጥር ወጋኝና እጄ ወደ ኮላው ቆርቆሮ ተዘረጋ። ቆርቆሮው ላይ በጋሽ ኮላ እጅ "ለእንጨት ብቻ" ተብሎ ተጽፏል። እሳቸው የልጅ ልጃቸውን እያወዛወዙ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣

"አንብብ እንጂ" አሉኝ፣ "ተምሬያለሁ ትል የለም?"