እናታቸውን ከመሃል ያቆሙት መምህር ሰውመሆን ገሰሰ

መምህር ሰውመሆን ገሰሰ ከአባታቸው ከቀጥቃጩ ከአቶ ገሰሰ መባና ከእናታቸው ከሸክላ ሠሪዋ ከወይዘሮ እናኑ ዘመነ በ1957 ዓ.ም. በፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል ተወለዱ። የተወለዱበት ጎጆ ከረግረጉ ከፍ ባለ ድንጋያማ ጉብታ ላይ የነበረ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ወዶ የመረጠው ሳይሆን፣ ጥቁሩን አፈር ለባለ እጅ ማካፈል ያልወደዱ ጎረቤቶች የገፉበት ስፍራ ነበር።

ወረታ በእግራቸው እየተመላለሱ፣ “የቡዳ ልጅ” እየተባሉ ለብቻቸው ተቀምጠው ተማሩ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀውም በዚያችው ከተማ ታሪክን ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሩ። በ1984 ዓ.ም. ወይዘሮ ውባንቺ ባምላክን አግብተው ሠርካለምንና ፍሬህይወትን አፈሩ።

ከሚያስተምሩት ሁሉ ልባቸውን የሳበው የጥንት ግሪኮች በቤተ መቅደሶቻቸው ላይ በድንጋይ የተረኩት ታሪክ ነበር። ከጣሪያው ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን ግንባር አምላኩ ከመሃል ቀጥ ብሎ እንደሚቆም፣ ጣሪያው ወደ ዳር ሲዘቀዝቅ ሰዎቹም እየተንበረከኩ ሄደው የወደቀው ከጥግ እንደሚጋደም፣ በሠርግ ሰክረው ሙሽራዪቱን ሊነጥቁ የተነሡትን ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ ፍጥረታት ያየ ሁሉ ፊደል ባይቆጥር እንኳ በዳዩን ከተበዳዩ እንደሚለይ፣ በጠመኔ እየሳሉ ያስረዱ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሜዳው በጎርፍ ሲዋጥ፣ ደረቅ ሆኖ የቀረው ያ ጉብታ ብቻ ነበርና ጎረቤት ሁሉ በታንኳ ወደ ወይዘሮ እናኑ ቤት ሸሸ፤ ዘጠኝ ቀንም በሳቸው ሸክላ በልቶ፣ በሳቸው መደብ ተኛ። ውኃው ሲጎድል ግን፣ “ተመስገን፣ ከቡዳ ቤት አድረን ሳትበላን ወጣን” እያለ ወረደ።

መምህር ሰውመሆን ይህን ሰምተው ዝም አላሉም። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ግንባር ላይ፣ ከእናታቸው ጋር ጭቃ አቡክተው፣ ቀርጸውና ተኩሰው፣ የጎርፉን ታሪክ በሁለት ዓመት ሠሩት፤ ታንኳውን፣ ከብቱን፣ ከየጥጉም ደክመው የተጋደሙትን ጎረቤቶች። ግሪኮች አምላካቸውን በሚያቆሙበት በመሃሉ ደግሞ ወይዘሮ እናኑን የጎረቤት ልጅ ታቅፈው አቆሟቸው።

ሥራው በተጠናቀቀ በሦስተኛው ቀን መጥረቢያ የያዙ ሰዎች መጡ። “ቡዳዪቱን አቁሞ እኛን ከእግሯ ሥር አስተኛን!” አሉ። መምህሩም መንገዱ ላይ ቆመው፣ “ያን ዘጠኝ ቀን የተኛችሁት የት ነበር?” ሲሉ ጠየቋቸው። ሰዎቹ ገፍትረዋቸው አልፈው ቅርጹን ሰባበሩት። ወይዘሮ እናኑ ስባሪውን በነጠላቸው ሰበሰቡ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፉ። መጥረቢያ ካነሡት አራቱ፣ ቆመው ካዩት ደግሞ ብዙዎቹ፣ አሁን ነጠላ አዘቅዝቀው ከፊታችን ቆመዋል።

መምህር ሰውመሆን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም አራት ዓመት ሲሠቃዩ ከእነዚህ አንድም ሰው ደጃቸውን አልረገጠም። ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውባንቺን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ይህን የምታነበውን ታናሽ እህታቸውን ይርጋለምን ትተው አልፈዋል። ጎረቤት ትተዋል ብለን ግን አልጻፍንም።

የድንግል ልጅ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ይቅርታ የምትሹ ካላችሁ፣ ሊሰጣችሁ የሚችለው ሰው እነሆ በሣጥን ውስጥ ነው፤ አፍ ሳለው አንዳችሁም አልጠየቃችሁትም።